ሲሙ ነው ወይስ ቀፎው? ስልክን ወደ 4ጂ ከማሳደግ በፊት

ዳታ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ስልክ መግዛትን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን ውስጡ የተቀመጠችው፣ ከጥፍር የማትበልጠው ካርድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሲሙም ቀፎውም ደህና ሆነው ሴቲንግ ውስጥ አንዲት ምርጫ ተዘግታ ትገኛለች። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው 4ጂ በደንብ የሚሠራለት አንድ ጓደኛና የአሥር ደቂቃ ጊዜ ነው።

4ጂ እንዲመጣ አራት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው። ያሉበት ቦታ የ4ጂ ሽፋን ሊኖረው፣ ሲሙ 4ጂ የሚፈቀድለት ሊሆን፣ ቀፎው ማማው የሚያሰራጭበትን ሞገድ ሊይዝ፣ ሴቲንጉም ለ4ጂ ክፍት ሊሆን ይገባል። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ስልኩ አይከስስም፣ ማስጠንቀቂያም አያወጣም፤ ዝም ብሎ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

ፊደሏ ምን ትላለች?

ከስክሪኑ አናት፣ ከኔትወርክ መስመሮቹ ጎን የምትታየው ትንሽ ምልክት ስልኩ በዚያች ቅጽበት በየትኛው ኔትወርክ ላይ እንዳለ ታሳያለች። የላቲኑ ጂ ወይም ኢ ከሆነች 2ጂ ላይ ነዎት። 3ጂ፣ ኤች፣ ወይም የመደመር ምልክት ያላት ኤች ሁሉም 3ጂ ናቸው፤ ኤች የተሻሻለው 3ጂ ናት እንጂ 4ጂ አይደለችም። 4ጂ እና ኤልቲኢ የሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ናቸው። የመስመሮቹ መሙላት ስለ ፍጥነት ብዙም አይናገርም፤ ኢ ላይ ሆኖ መስመሩ ሙሉ የሆነ ስልክ፣ 4ጂ ላይ ሆኖ ሁለት መስመር ብቻ ካለው ስልክ እጅግ ይዘገያል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል። ኢ የምትወክለው ኤጅ የተባለው ቴክኖሎጂ ጣሪያው በሰከንድ 236 ኪሎ ቢት ገደማ ነው። ተራ ኤልቲኢ በ20 ሜጋኸርዝ የሞገድ ስፋት በሰከንድ እስከ 150 ሜጋ ቢት ይደርሳል። እነዚህ የወረቀት ጣሪያዎች ስለሆኑ ለስሌት ዝቅ እናድርጋቸው። 100 ሜጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ ለማውረድ ፈለጉ እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 800 ሜጋ ቢት ነው። በሰከንድ 200 ኪሎ ቢት በሚሰጥ ኤጅ 4,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት በሚሰጥ 3ጂ ከሦስት ደቂቃ በላይ፣ በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት በሚሰጥ 4ጂ ደግሞ 40 ሰከንድ ይወስዳል። የኔትወርክ ፍጥነት በሜጋ ቢት፣ የፋይል መጠን በሜጋ ባይት እንደሚነገር እዚሁ ልብ ማለት ይጠቅማል። “20 ሜጋ” የተባለ ዳታ ሲወርድ በሰከንድ 2.5 ሜጋ ባይት ቢያሳይ ትክክል ነው፤ የጎደለ ነገር የለም።

ሲም መለዋወጥ

አሁን ወደ ጓደኛው እንምጣ። ኦፕሬተራችሁ አንድ መሆን አለበት፤ ሁለታችሁም ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሁለታችሁም ሳፋሪኮም። የጓደኛዎ ስልክ 4ጂ የሚያሳይበት ቦታ ላይ ቁሙና ሁለቱንም ስልኮች አጥፉ። የእርስዎን ሲም በጓደኛዎ ስልክ፣ የጓደኛዎን በእርስዎ ስልክ አስገቡ። ሁለት ሲም የሚይዙ ስልኮች ከሆኑ ሲም 1 የተባለው ማስገቢያ ላይ ይሁን። ዳታ አብርታችሁ፣ ዋይፋይ ዘግታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ።

የእርስዎ ሲም በጓደኛዎ ስልክ ላይ 4ጂ ካወጣ ሲሙ ደህና ነው፤ ችግሩ የእርስዎ ቀፎ ወይም ሴቲንጉ ነው። የእርስዎ ሲም እዚያም 3ጂ ላይ ከቀረና የጓደኛዎ ሲም በእርስዎ ስልክ 4ጂ ካገኘ፣ ቀፎ ለመግዛት የያዙትን ብር ይመልሱት፤ የሚያስፈልግዎ ሲም መቀየር ብቻ ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ሁለቱም አርጅተዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ከሲሙ ይጀምሩ፤ ርካሹ እሱ ነውና።

አሮጌ ሲም ለምን 4ጂ አያገኝም?

ሲም ካርድ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ብቻ አይደለም። ውስጡ ሚስጥራዊ ቁልፍ የያዘች ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ስልኩ ሲበራ ኔትወርኩ ጥያቄ ይልካል፤ ካርዷ በቁልፏ አስልታ መልስ ትሰጣለች፤ መልሱ ከተስማማ ደንበኛው ይገባል። የ2ጂ ዘመን ሲም የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ኔትወርኩ ካርዱን ይፈትናል፣ ካርዱ ግን ኔትወርኩን “አንተስ እውነተኛ ነህ?” ብሎ አይጠይቅም። አጭበርባሪ ሰዎች የሐሰት ማማ አቁመው ስልኮችን መሳብ የቻሉት በዚህ ቀዳዳ ነው። ከ3ጂ ጋር የመጣው ዩሲም የተባለው ካርድ ይህን ዘጋው፤ ካርዱና ኔትወርኩ እርስ በርሳቸው ይፈታተናሉ።

የ3ጂ ደንብ ለአሮጌው ሲም በሩን ክፍት ትቶለት ነበር። የ4ጂ ዓለም አቀፍ ደንብ ግን በ2ጂ ሲም ወደ ኤልቲኢ መግባትን በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ አሮጌ ሲም የያዘ ሰው የቱንም ያህል ውድ ስልክ ቢገዛ 3ጂ ላይ ይቆማል። ስልኩን ማጥፋት ማብራት፣ ኤፒኤን (ስልኩ በየት በኩል ወደ ኢንተርኔት እንደሚወጣ የሚነግረውን ስም) መቀያየር፣ አፕሊኬሽን መጫን ይህን አያልፈውም፤ የሚከለክለው ደንቡ ራሱ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም 4ጂን በአዲስ አበባ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን ሌሎች ከተሞች የደረሳቸው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የወጣ፣ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የኖረ የ09 ቁጥር ካለዎት ሲሙን አጥብቀው ይጠርጥሩ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሲከፍት 4ጂን ይዞ ስለመጣ የ07 ቁጥር ያለው ሰው ይህ ችግር አያገኘውም፤ ምክንያቱን ከቀፎው ወይም ከሽፋኑ ይፈልግ።

አንድ ነገር እንጨምር። ካርዱ አዲስ ቢሆንም ቁጥሩ በኦፕሬተሩ ሲስተም ላይ ለ4ጂ ካልተከፈተ አይሠራም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ባንኮኒው ላይ “ሲሜን ቀይሩልኝ” ብቻ ብሎ መውጣት አይበቃም፤ “ቁጥሬ ላይ 4ጂ መከፈቱን እዩልኝ” ማለትም ያስፈልጋል።

ሲም ለመቀየር ሲሄዱ

ከመሄድዎ በፊት አሮጌው ሲም ላይ የተቀመጡ ስልክ ቁጥሮችን ያውጡ። ካርዱ ሲቀየር ሲሙ ላይ የነበረው ስም ዝርዝር አብሮ ይቀራል፤ ወደ አዲሱ የሚገለብጠው የለም። የኮንታክት አፕሊኬሽኑን ከፍተው ከሴቲንጉ ውስጥ ኢምፖርት የሚለውን ይምረጡ፣ ምንጩን ሲም፣ መድረሻውን ስልኩን ወይም የጉግል አካውንትዎን ያድርጉ። ሲም ላይ የሚገባው ብዙ ጊዜ እስከ 250 ስም ነው፤ ስምም አሳጥሮ ነው የሚይዘው። ጉግል ላይ ማስቀመጥ ወደፊትም ያሳርፋል።

ቀጥሎ ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ ያስቡ። ድሮ በወንድም፣ በአክስት፣ ወይም በሻጩ ስም የወጣ ሲም ለዓመታት የያዘ ሰው ብዙ ነው። ሲም የሚቀየረው ለተመዘገበው ሰው ስለሆነ ሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ ቢሄድ ይመለሳል። ባለስሙን ይዘው ሄደው በዚያው ሲሙን ወደ እርስዎ ስም ማዛወሩንም ቢጨርሱ ይሻላል። መታወቂያዎ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን።

ቁጥርዎ አይቀየርም። ያለዎት ሂሳብና ፓኬጅም ከካርዱ ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይከተልዎታል። ቴሌብርም እንዲሁ የታሰረው ከቁጥሩ ጋር ነው። ይሁን እንጂ የገንዘብና የባንክ አፕሊኬሽኖች አዲስ ሲም ሲያዩ እንደገና ማረጋገጫ ሊጠይቁ ስለሚችሉ የሚስጥር ቁጥሮችዎን ሳያውቁ አይሂዱ። ቴሌግራም ላይ የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል ካስገቡ ያንንም ያስታውሱ። አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር አሮጌው “ኖ ሰርቪስ” ይላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። እርስዎ ሲም ሳይቀይሩ ሲምዎ ድንገት እንዲህ ካለና ስልኩን አጥፍተው ቢያበሩም ካልተመለሰ ግን ሌላ ሰው በስምዎ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ ስልክ ወዲያው ወደ ኦፕሬተሩ ይደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው።

ስለ መጠኑም ጥቂት። ትልቁ ሲም 25 በ15 ሚሊሜትር፣ ማይክሮው 15 በ12፣ ናኖው 12.3 በ8.8 ነው። ብዙ ሰው አሮጌውን ትልቅ ሲም በመቀስ ወይም በመቁረጫ ያስቆርጣል። ችግሩ ውፍረቱ ላይ ነው፤ አሮጌው 0.76 ሚሊሜትር ሲሆን ናኖ 0.67 ነው። የተቆረጠው ካርድ ገብቶ ይቀረቀራል፣ ሲወጣም የስልኩን የብረት ጥርሶች ነቅሎ ይወጣል። ደግሞስ ተቆርጦ የሚገባው ያው 4ጂ የማያውቀው አሮጌ ሲም ነው። ሲም መቀየር ቀፎ ከማሠራት ይረክሳል።

ቀፎ ሲመርጡ

ሻጭ “4ጂ ነው” ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የየትኛው አገር 4ጂ የሚለው ግን ይቀራል። ኤልቲኢ በዓለም ላይ በብዙ ባንዶች፣ ማለትም በተለያዩ የሞገድ ክልሎች፣ ይሠራል፣ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መኖር ያለበት ባንድ 3 ነው፤ ይህም የ1800 ሜጋኸርዙ ነው። ለ3ጂ ደግሞ ባንድ 1፣ የ2100ው፣ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የኤልቲኢ ዋና ዋና ባንዶች 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66 የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ስልክ እዚያ በ4ጂ ሲበር ኖሮ እዚህ 3ጂ ላይ ሊቀር ይችላል።

አይፎን 5 ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞዴሉ ኤ1428 የሆነው ባንድ 3 የለውም፤ ኤ1429 ግን አለው። በውጭ ሲታዩ አይለያዩም። ከአይፎን 6 ወዲህ ይህ ስጋት የለም። ሳምሰንግም እንዲሁ፤ ጋላክሲ ኤስ4 አይ9500 ኤልቲኢ የሌለው ሲሆን አይ9505 ግን አለው። ስለዚህ የሚጠየቀው የስልኩ የገበያ ስም ሳይሆን ሴቲንግ ውስጥ “አባውት ፎን” ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ጂኤስኤምአሬና በተባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልገው ከ4ጂ ባንዶች ዝርዝር ውስጥ 3 መኖሯን ያረጋግጡ።

ከውጭ የሚመጣ ስልክ ሁለት ሌሎች ወጥመዶችም አሉበት። አንደኛው ሎክ ነው። በውል የተገዛ ስልክ ከሸጠው ኦፕሬተር ሲም ሌላ አይቀበልም። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ “ካሪየር ሎክ” ከሚለው አጠገብ “ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ” ማለት አለበት። ሎኩ መነሳት ያለበት ስልኩ ከአገሩ ሳይወጣ፣ በኦፕሬተሩ በራሱ ነው። እዚህ በየሱቁ “ዲኮድ” ተብሎ በቺፕ የሚከፈተው አይፎን ሶፍትዌሩ ሲታደስ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው ወጥመድ የሲም ቀዳዳ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የፕላስቲክ ሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠሩት። ስልኩ ከመላኩ በፊት ኦፕሬተርዎ ለዚያ ሞዴል ኢሲም እንደሚያወጣልዎ ይጠይቁ። ካልሆነ ማስገቢያ ያለውን ይምረጡ።

ኮፒ ስልክ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንዳንዶቹ ውስጣቸው የ3ጂ ቺፕ ሆኖ ስክሪኑ ላይ 4ጂ የሚል ሥዕል እንዲያወጡ ተደርገው ይሠራሉ። በሰፊው የሚገኘው ኤምቲ6580 የተባለው የሚዲያቴክ ቺፕ እስከ 3ጂ ብቻ ነው፤ ኤምቲ6739 ግን 4ጂ ያውቃል። ሲፒዩ ዜድ የተባለው ነጻ አፕሊኬሽን የቺፑን ስም ያሳያል። ሱቅ ውስጥ ብር ከመክፈልዎ በፊት *#06# ብለው የሚወጣውን 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያስተያዩ። ከዚያም የራስዎን ሲም አስገብተው 4ጂ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ሴቲንግ

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ሞባይል ኔትወርክ፣ “ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ” ውስጥ ሦስቱም ትውልዶች የተጠቀሱበትን፣ ከነሱም 4ጂ ወይም ኤልቲኢ ከፊት የተጻፈበትን ምርጫ ይንኩ። ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ በአንድ ወቅት 3ጂ ላይ አድርገውት ረስተውት ሊሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ ባለሁለት ሲም ስልኮች 4ጂ የሚሠራው በአንዱ ማስገቢያ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው 2ጂ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የዳታው ሲም ሲም 1 ላይ ይሁን፣ “ዳታ ሲም” የሚለውም እሱን ይምረጥ።

ኤልቲኢ ብቻ የሚለውን ምርጫ ግን ሳያስቡ አይንኩ። ኤልቲኢ በተፈጥሮው ዳታ ብቻ ነው የሚያመላልሰው። ስልኩ በኤልቲኢ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፈውን ቮልቲኢ የተባለውን አገልግሎት ካልተጠቀመ፣ ሲደወል ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ወርዶ ያነጋግራል፣ ሲጨርሱ ይመለሳል። ኤልቲኢ ብቻ ላይ ከታሰረ መውረጃ ስለሌለው የሚደውልልዎ ሁሉ “ስልኩ ዝግ ነው” ይባላል። እያወሩ ዳታ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስልኩ 2ጂ ላይ ሲወርድ ድምፅና ዳታ አብረው አይሄዱም።

4ጂ እያሳየ ምንም የማይከፍት ከሆነ ኤፒኤኑን ይዩ። የኢትዮ ቴሌኮም በላቲን ትንንሽ ፊደላት “ኢቲሲ ነጥብ ኮም” የሚለው ነው፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይቀራሉ። እዚያው ያለው “ሪሴት ቱ ዲፎልት” ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ቪፒኤን በርቶ ከተረሳም ዳታውን ስለሚያጓትት ለሙከራ ይዝጉት።

5ጂ መግዛት አለብኝ?

ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር በአዲስ አበባ በሙከራ ጀምሮ ቆይቶ ለገበያ አቀረበው። ማማዎቹ ያሉበት ሰፈር ላልሆነ ሰው የ5ጂ ቀፎ ዛሬ የሚጨምርለት ነገር የለም። በዚያው ዋጋ ብዙ ባንድ የሚይዝና የ4ጂ ፍጥነት ደረጃው ካቴጎሪ 6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ቢያገኙ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ስልክ ሁለት ሞገዶችን አጣምሮ በወረቀት ላይ እስከ 300 ሜጋ ቢት ይቀበላል። ስክሪኑ ላይ የመደመር ምልክት ያላት 4ጂ የምትወጣው ያኔ ነው። አይፎን ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ 5ጂ የጀመረው ከአይፎን 12 ነው። አፕል ለኦፕሬተሩ የፈቀደው ሴቲንግ ከሌለ ግን ስልኩ ቢችልም 5ጂን አይከፍትም።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ቢዘገይስ?

አንድሮይድ ላይ *#*#4636#*#* ሲጽፉ የሚከፈተው ገጽ ስልኩ በእውነት የያዘውን ኔትወርክና የሞገዱን ጥንካሬ ያሳያል፤ አይፎን ላይ *3001#12345#* ጽፎ መደወል ነው። አንዳንድ አምራቾች የመጀመሪያውን ኮድ ዘግተውታል። ገጹ ሲከፈት የኤልቲኢ ጥንካሬ በኔጋቲቭ ቁጥር ይጻፋል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። -85 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው፣ -100 ይሠራል፣ ከ-110 ሲያልፍ መንቀራፈፍ ይጀምራል፣ -120 ላይ ስልኩ 4ጂን ለቆ ሊወርድ ነው። ቁጥሩን ቤት ውስጥ፣ ከዚያ በር ላይ፣ ከዚያ ደጅ ላይ ያንብቡ። የ1800 ሜጋኸርዙ ሞገድ ከ900 ሜጋኸርዙ ያነሰ ግድግዳ የሚሰብር በመሆኑ በቆርቆሮ የተሸፈነ ቤት ወይም ወፍራም ኮንክሪት ውስጥ ብዙ ይዳከማል። ስልኩን ከመሃል ክፍል ወደ መስኮት ማዞር ብቻ 10 ወይም 15 ነጥብ ሊመልስ ይችላል፤ ባትሪም ይቆጥባል፣ ምክንያቱም የራቀ ማማ ለመድረስ ስልኩ ራሱ ጮክ ብሎ ማሰራጨት ይገደዳል።

ቁጥሩ -85 ሆኖ ፍጥነቱ ግን ማታ ከወደቀ የተጨናነቀው ማማው ነው። ያ ቀደም ብለን የጠቀስነው 150 ሜጋ ቢት የአንድ ሰው ድርሻ ሳይሆን በማማው አንድ አቅጣጫ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚካፈለው ነው። ለደመራ መስቀል አደባባይ ሰው ሲሞላ ሁሉም ስልክ 4ጂ እያሳየ ፎቶ አልሄድ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን አዲስ ሲምም አዲስ ቀፎም አይፈታውም። ለመለየት ፍጥነቱን ንጋት 11 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ፣ በአንድ ቦታ ቆመው፣ በአንድ አፕሊኬሽን ይለኩ። ንጋት ላይ ፈጥኖ ምሽት ላይ ከወደቀ ስልክዎ ምንም አልሆነም። መለኪያው ራሱ ዳታ እንደሚበላ ግን አይርሱ፤ በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት የሚሰጥ ኔትወርክ ላይ የ10 ሰከንድ የማውረድ ሙከራ ብቻ 62 ሜጋ ባይት ገደማ ይጨርሳል፣ የመላኩ (አፕሎድ) ሙከራ ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። 100 ሜጋ ባይት ፓኬጅ ገዝቶ ሁለት ጊዜ የለካ ሰው ፓኬጁን በመለካት ብቻ ይጨርሰዋል።